ከማሰናበት በፊት ሥራን መካፈል

ሥራ ሲቀዘቅዝ ለብዙ አሠሪዎች ቀድሞ የሚታያቸው መፍትሔ ሠራተኛ መቀነስ ነው። ገዥ ሲጠፋ፣ መንገድ ሲዘጋ፣ መብራት ደጋግሞ ሲቋረጥ ወይም የባንክ ብድር መክፈያ ቀን ሲደርስ ባለድርጅቱ የደመወዝ መዝገቡን ገልጦ ማንን ቢያሰናብት እንደሚያዋጣው ያሰላል። ይህ እርምጃ ለረጅም ጊዜ ስለተለመደ ብቸኛው መንገድ ይመስላል። ሆኖም የቀነሰውን ሥራ ለጥቂቶች ሙሉውን ሰጥቶ ሌሎችን ባዶ እጃቸውን ከመሸኘት ይልቅ ለሁሉም ማካፈል ይቻላል። በሳምንት ስድስት ቀን ይሠሩ የነበሩ ሁሉ ለተወሰነ ጊዜ አምስት ቀን ይሠራሉ፣ ደመወዛቸው በዚያው ልክ ይቀንሳል፣ ገበያው ሲመለስ እነሱም ወደ ሙሉ ሥራቸውና ወደ ሙሉ ክፍያቸው ይመለሳሉ። ችግሩ ጊዜያዊ በሆነበት ቦታ ሁሉ ይህ መንገድ ሠራተኛውን ከመታደጉም በላይ ለአሠሪው ኪስ የሚያዋጣ ነው። ስለዚህ የኢትዮጵያ አሠሪዎች፣ በተለይም ሥራቸው ወቅትንና መንገድን ተከትሎ ከፍ ዝቅ በሚልባቸው እንደ ወረታ ባሉ ከተሞች የሚገኙት፣ የስንብት ደብዳቤ ከመጻፋቸው በፊት ሊሞክሩት ይገባል። መንግሥትም መንገዱን ሊጠርግላቸው ይገባል።

ወረታን መነሻ ማድረግ ያስፈለገው ያለምክንያት አይደለም። ከተማዋ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚያልፈው መንገድና በደብረ ታቦር በኩል እስከ ወልዲያ የሚዘልቀው መንገድ የሚገናኙባት፣ ደረቅ ወደብ የተሠራላት፣ ከሁሉም በላይ ግን የፎገራ ሩዝ የሚፈለፈልባትና ወደ ገበያ የሚጫንባት ናት። ሩዝ በፎገራ ሜዳ ሥር የሰደደው በደርግ ዘመን፣ በሰሜን ኮርያ ባለሙያዎች ድጋፍ በጅግናና በሻጋ የአምራች ገበሬዎች ማኅበራት ከተሞከረ በኋላ ነው። የርብና የጉማራ ወንዞች በክረምት እየሞሉ የሚያጥለቀልቁት መሬት ለሌላ ሰብል አስቸጋሪ ሆኖ ሳለ ለሩዝ ተመቸ። ዛሬ በቁሐር ሚካኤልና በዙሪያው ባሉ ቀበሌዎች ሩዝ የገበሬው ምግብም ገንዘብም ነው፤ በወረታ ደግሞ የመፈልፈያ ድርጅቶች በዚህ ምርት ላይ ቆመዋል። በእነዚህ ድርጅቶች ውስጥ ማሽን የሚያንቀሳቅሱ፣ ጆንያ የሚሸከሙ፣ የሚያበጥሩና የሚለቅሙ፣ ሒሳብ የሚይዙና ግቢ የሚጠብቁ ሰዎች እንጀራቸውን ያገኛሉ። ሩዙ የሚታጨደው በኅዳርና በታኅሣሥ በመሆኑ ከዚያ በኋላ ባሉት ወራት መፈልፈያዎቹ ሥራ ይበዛባቸዋል፤ ወደ ክረምቱ ሲጠጋ ግን የሚገባው ምርት ይሳሳል። ከነሐሴ 2015 ወዲህ በአማራ ክልል በተፈጠረው ግጭት ደግሞ መንገድ በተዘጋ ቁጥር የተፈለፈለው ሩዝ መጋዘን ውስጥ ይቀመጣል፣ የሚጭን መኪናም ይጠፋል። እነዚህ ሁሉ የሚያልፉ ችግሮች ናቸው። መንገዱ ይከፈታል፣ ኅዳርም ይመጣል፣ ሩዙም ይታጨዳል። በሚያልፍ ችግር ምክንያት የማይመለስ እርምጃ መውሰድ፣ ማለትም የሠለጠነውን ሠራተኛ መበተን፣ ነገ ለሚያስፈልግ ነገር ዛሬ በር መዝጋት ነው።

ሥራን መካፈል ለዚህ አገር ሰው እንግዳ ሐሳብ አይደለም። የፎገራ ገበሬ የሩዝ አረምና አጨዳ ሲደራረብበት ብቻውን አይወጣውም፤ በወንፈል ጉልበቱን ለጎረቤቱ ይሰጣል፣ ጎረቤቱም በተራው ይመልስለታል። በከተሞቻችን ያሉ የጫኝና አውራጅ ማኅበራትም የሚሠሩት በተመሳሳይ መንገድ ነው። ብዙ ጭነት በመጣበት ቀን ሁሉም ይሠራል፤ ጭነቱ ባነሰ ቀን ደግሞ በተራ ይገባሉ፣ ገቢውንም ይከፋፈላሉ እንጂ በየሳምንቱ ገበያው ባነሰ ቁጥር ከአባሎቻቸው መካከል የሚባረር አይመርጡም። እነዚህ ሰዎች ይህን የሚያደርጉት በመተዛዘን ብቻ አይደለም። ነገ ትልቅ ጭነት ሲመጣ በቂ ጉልበት እንደሚያስፈልግ ያውቃሉ፤ ዛሬ የተገፋ ሰው ነገ እንደማይገኝም ያውቃሉ። የመፈልፈያ፣ የሆቴል፣ የሕንፃ ሥራና የመጋዘን ባለቤቶች ከእነዚህ ማኅበራት የሚማሩት ነገር ይኸው ነው።

አሠሪውን ግን ከምሳሌ ይልቅ ሒሳብ ያሳምነዋልና ወደ ሒሳቡ እንግባ። ሠላሳ ሠራተኞች በሳምንት ስድስት ቀን የሚሠሩበት አንድ ድርጅት አለ እንበል፤ ሥራው በአንድ ስድስተኛ ቀነሰ። ባለቤቱ አምስት ሰው ቢያሰናብት ሃያ አምስት ሰዎች በስድስት ቀን 150 የሰው ቀን ይሠራሉ። ማንንም ሳያሰናብት ሁሉም አምስት ቀን እንዲሠሩ ቢያደርግም ሠላሳው ሰው ያው 150 የሰው ቀን ይሠራል። የሚገኘው ጉልበት እኩል ነው፤ ወጪው ግን እኩል አይደለም። ከሃያ እስከ ሃምሳ ሠራተኛ ባለው ድርጅት አምስትና ከዚያ በላይ ሰው ማሰናበት በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 29 መሠረት ቅነሳ ነው። በቅነሳ የሚሰናበት ሠራተኛ የሁለት ወር ማስጠንቀቂያ ይገባዋል። የሥራ ስንብት ክፍያው ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ ሲሆን ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚህ አንድ ሦስተኛ ይታከልበታል፤ ምክንያቱ ቅነሳ ከሆነ ደግሞ ሌላ የ60 ቀን ደመወዝ ይጨመራል። አምስት ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ በዚህ ስሌት የ130 ቀን ደመወዝ ይከፈለዋል፤ አምስቱ ሠራተኞች በድምሩ የ650 ቀን ደመወዝ ይወስዳሉ። አሠሪው አምስቱን በማስወጣቱ በወር የሚያድነው የ150 ቀን ደመወዝ ነው። ስለዚህ የከፈለውን ለመመለስ ከአራት ወር በላይ ይፈጅበታል፤ የማስጠንቀቂያው ሁለት ወር ሲታከልበት ደግሞ ቅነሳው ማትረፍ የሚጀምረው ከስድስት ወር በኋላ ነው። ሥራን መካፈል ግን ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ወጪ ይቀንሳል። ችግሩ ከስድስት ወር በታች የሚቆይ ከሆነ፣ የወቅትና የመንገድ ችግር ደግሞ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፣ ሕጉን አክብሮ የሚያሰናብት አሠሪ ከስሯል ማለት ነው።

አንዳንዱ አሠሪ «ሠራተኞቼ በቀን ሒሳብ የሚከፈላቸው ናቸው፤ ውልም የለን፣ ይህ ሁሉ ክፍያ አይመለከተኝም» ይል ይሆናል። ይህ ግን ብዙ ጊዜ የተሳሳተ እምነት ነው። አዋጁ የሥራ ውል ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ የሚቆጥር ሲሆን የተወሰነ ጊዜ ውል የሚፈቅደው ለተዘረዘሩ ሁኔታዎች፣ ለምሳሌ ለወቅታዊና ለጊዜያዊ ሥራ ብቻ ነው። ዓመቱን ሙሉ በአንድ ግቢ የሚሠራ ሰው ክፍያው በቀን ስለሚሰላ ብቻ ወቅታዊ ሠራተኛ አይሆንም፤ በቃል የተደረገ ውልም ውል ነው። በእውነት ለመኸሩ ወራት ብቻ የተቀጠረው ሠራተኛ ደግሞ የስንብት ክፍያው ባይደርሰውም እሱንም ማሰናበት ሌላ ኪሳራ አለው። ማሽኑን የሚያውቀው ኦፕሬተር፣ ጠጠርና ገለባ በዓይኗ የምትለየዋ ለቃሚ፣ ደንበኛውን በስሙ የሚያውቀው ሒሳብ ያዥ በስንብት ደብዳቤ የሚጠፋ ሀብት ናቸው።

ይህ ሀብት ምን ያህል ውድ እንደሆነ በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ታይቷል። የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስተርን የንግድና የሰብአዊ መብቶች ማዕከል በ2011 ባወጣው ጥናት በፓርኩ ያሉ ፋብሪካዎች መነሻ ደመወዝ በወር 26 የአሜሪካ ዶላር ገደማ መሆኑን፣ የሠራተኛው መለዋወጥም በዓመት ወደ መቶ በመቶ መድረሱን ዘግቧል። ይህ ማለት ፋብሪካዎቹ በዓመት ውስጥ ሠራተኞቻቸውን ሙሉ በሙሉ የመተካት ያህል ቀጥረዋል፣ አሠልጥነዋል፣ አጥተዋል። ደመወዙ ርካሽ ሆኖ ሳለ ምርታማነቱ የሚጠበቀውን ያህል ያልሆነበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ እጁ ሥራውን የለመደ ሠራተኛ የሚሠራውን ጀማሪ አይሠራውም። በፎገራም ሁኔታው ያው ነው። ወጣቱ ወረታ ላይ ሥራ ሲያጣ ወደ መተማ የሰሊጥ እርሻ፣ ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል፤ ወደ ዐረብ አገር የሚሰደደውም ጥቂት አይደለም። ኅዳር ሲደርስ አሠሪው የሚያገኘው አዲስ ሰው ነው። አዲሱ ሰው ማሽኑን እስኪለምድ የሚሰባበረው ሩዝ ዋጋውን የሚያጣ ሩዝ ነው፤ ከውጭ ከሚገባው ሩዝ ጋር የሚወዳደር ምርት ደግሞ በመሰባበሩ ብዙ ይሸነፋል።

በሌላው ዓለም ይህ ሐሳብ ተሞክሮ ውጤቱ ታይቷል። ጀርመን ይህን ሥርዓት የጀመረችው ከመቶ ዓመት በፊት ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የተነሣው የዓለም የገንዘብ ቀውስ ሲመታት ምርቷ በ2009 ከአምስት በመቶ በላይ ቢያሽቆለቁልም ሥራ አጥነቷ ብዙም አልጨመረም፤ በዚያ ዓመት ክፉው ጊዜ ላይ አንድ ሚሊዮን ተኩል ገደማ ሠራተኞች ሰዓታቸው ተቀንሶ በሥራቸው ላይ ቆይተዋል። የኮቪድ 19 ወረርሽኝ በተነሣበት በ2020 ሚያዝያ ደግሞ ቁጥሩ ወደ ስድስት ሚሊዮን ደርሷል። ሠራተኛው ካጣው የተጣራ ደመወዝ ውስጥ 60 በመቶውን፣ ልጅ ካለው 67 በመቶውን የሥራ አጥነት መድን ይከፍልለታል። በአሜሪካ ካሊፎርኒያ ግዛት ከ1978 ጀምሮ ተመሳሳይ ሥርዓት አላት። ከአህጉራችን ደቡብ አፍሪካ በ2009 ችግር የገጠማቸው ድርጅቶች ሠራተኞቻቸውን ከማሰናበት ይልቅ ወደ ሥልጠና የሚልኩበትን፣ ሠራተኛውም በሥልጠናው ወራት አበል የሚያገኝበትን መንገድ ዘረጋች። የእነዚህ አገሮች ልምድ የሚያስተምረው ነገር ግልጽ ነው። ድንገተኛና አላፊ በሆነ ቀውስ ጊዜ ሥራን መካፈል ሠራተኛውን ከድርጅቱ ጋር ያቆየዋል፤ ድርጅቱም ገበያው ሲከፈት ሳይዘገይ ማምረት ይጀምራል።

እኛም አገር ቢሆን ለዚህ የቀረበ ሙከራ ነበር። የኮቪድ 19 ወረርሽኝ ሲገባ የሠራተኛና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን (ኢሠማኮ) እና የአሠሪዎች ድርጅቶች ተስማምተው የሥራ ቦታ ምላሽ ሰነድ አወጡ፤ በ2012 ሚያዝያ የወጣው የአስቸኳይ ጊዜ ደንብም አሠሪዎች ሠራተኞችን እንዳያሰናብቱ ገደበ። ለልብስ ስፌት ፋብሪካ ሠራተኞች ደግሞ ከጀርመን መንግሥት በተገኘ ገንዘብ በዓለም የሥራ ድርጅት በኩል የደመወዝ ድጎማ ተደርጓል። ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ አሠሪና ሠራተኛ በችግር ጊዜ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው መስማማት ይችላሉ። ሁለተኛ፣ ማሰናበትን መከልከል ብቻውን በቂ አይደለም። ገቢ የሌለው ድርጅት «አታሰናብት» ቢባል ደመወዝ ከየት ያመጣል? የሚያስፈልገው ክልከላው ሲነሣም የሚቆይ፣ አሠሪው በፈቃዱ የሚመርጠው መንገድ ነው። ያ ሐሳብ ግን አስቸኳይ ጊዜው ሲያልፍ አብሮ ተረሳ።

በመደበኛው ሕጋችን ውስጥም ክፍተቱ አለ። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው በእሱ ጥፋት ያልመጣ የገንዘብ ችግር ወይም ከአቅም በላይ የሆነ ሁኔታ ሲገጥመውና ሥራው ቢያንስ ለ10 ተከታታይ ቀናት ሲቋረጥ፣ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት አስታውቆ የሥራ ውሉን እስከ 90 ቀን እንዲያግድ ይፈቅዳል። በእገዳው ወቅት ግን ሠራተኛው አይሠራም፣ ደመወዝም አያገኝም። በሌላ በኩል ሠራተኛው ለመሥራት ዝግጁ ሆኖ ሳለ በጥሬ ዕቃ እጥረት ወይም በእሱ ባልሆነ ምክንያት ሳይሠራ ቢውል ደመወዙ እንዲከፈለው አዋጁ ያዝዛል፤ የሚመለከተው ሚኒስቴር የሥራ ሰዓት ቢቀንስም ደመወዝ እንዳይቀነስ ይደነግጋል። እነዚህ ሠራተኛውን የሚጠብቁ ተገቢ ድንጋጌዎች ናቸው። ነገር ግን አሠሪው በሕግ ተዘርዝሮ የሚያገኘው ሁለት ጫፍ ብቻ ነው፤ ወይ ሙሉ ደመወዝ ወይ ምንም። በመካከል ያለው፣ ጥቂት ሥራና ከዚያው ጋር የሚመጣጠን ክፍያ፣ የተጻፈ ሥርዓት የለውም። ያም ሆኖ መንገዱ ዝግ አይደለም፤ በአዋጁ ያልተወሰኑ የሥራ ሁኔታዎችን በኅብረት ስምምነት ወይም በሁለቱ ወገን የጽሑፍ ስምምነት ማሻሻል ይቻላል። ሥራን መካፈል ስለዚህ ሠራተኛው ተነግሮት የሚቀበለው ትእዛዝ ሊሆን አይችልም። መክሮበት የሚፈርመው ስምምነት መሆን አለበት።

አሁን ወደ ተቃውሞዎቹ እንምጣ። የመጀመሪያውና ከባዱ የደመወዝ ጉዳይ ነው። በኢትዮጵያ ለግል ድርጅት ሠራተኛ በሥራ ላይ የዋለ አነስተኛ የደመወዝ ወለል የለም፤ ብዙው ሠራተኛ ሙሉ ደመወዙን ወስዶም ወሩን አይዘልቅም። ከዚህ ላይ አንድ ስድስተኛ መቀነስ ከልጁ ምሳ መቀነስ ነው የሚል ሰው ትክክል ይናገራል። ነገር ግን ማነጻጸር ያለብን ከምን ጋር ነው? በወር 6,000 ብር የሚያገኝ ሠራተኛ ሥራው ሲካፈል 5,000 ብር ይደርሰዋል። ቢሰናበት ግን፣ አምስት ዓመት ያገለገለ ከሆነ፣ በአንድ ጊዜ 26,000 ብር ይዞ ይወጣል፤ ይህ በዛሬ የኑሮ ውድነት ከአራት ወር በላይ አይሄድም፣ ከዚያ በኋላ የሚደግፈው የሥራ አጥነት መድን በአገራችን የለም። ተሰናባቹ ብዙ ጊዜ ወጣቱ ነው፤ ሕጉ በችሎታና በምርታማነት እኩል ከሆኑት መካከል አጭር አገልግሎት ያላቸውንና ጥቂት ጥገኛ ያላቸውን ስለሚያስቀድም። ስለዚህ ምርጫው በሙሉ ደመወዝና በተቀነሰ ደመወዝ መካከል አይደለም። ሁሉም ጥቂት እንዲጎድልባቸው ወይስ ጥቂቶች ሁሉንም እንዲያጡ ነው ጥያቄው። ሆኖም ጉዳቱ እንዳይከፋ ልክ ሊበጅለት ይገባል፤ የደመወዝ ቅነሳው ከአንድ አምስተኛ እንዳያልፍ፣ ዝቅተኛ ተከፋዩ ከሥራ አስኪያጁ ያነሰ ድርሻ እንዲሸከም፣ ዕረፍት የሆነው ቀን አስቀድሞ ታውቆ ሠራተኛው ሌላ ሥራ ፈልጎ እንዲሠራበት ማድረግ ይቻላል።

ሁለተኛው ተቃውሞ የሠራተኛ ማኅበራት ሥጋት ነው። «አሠሪው ትርፍ እያገኘም ችግር አለብኝ ብሎ ደመወዝ ይቀንሳል፤ ሦስት ወር የተባለው ሦስት ዓመት ይሆናል» ይላሉ። ሥጋቱ መሠረት አለው፤ ሕጉም ሳይታሰብ የሚጎዳበት ቦታ አለ። የስንብት ክፍያ የሚሰላው በመጨረሻው ሳምንት አገልግሎት አማካይ የቀን ደመወዝ ላይ ተመሥርቶ ነው። ሠራተኛው ሥራውን ለሦስት ወር ተካፍሎ በመጨረሻ ቢሰናበት ክፍያው በተቀነሰው ደመወዝ ሊሰላበት ይችላል። ጡረታ ለመውጣት የቀረበውም እንዲሁ ይጎዳል፤ የጡረታ አበል የሚሰላው ከመጨረሻዎቹ ዓመታት ደመወዝ ነውና። መልሱ ሥራ መካፈልን መተው ሳይሆን ስምምነቱን በጥንቃቄ መጻፍ ነው። ስምምነቱ ከ90 ቀን ያልበለጠ የጊዜ ገደብ ይኑረው። በመሃል ወይም ከዚያ በኋላ የሚመጣ ስንብት በቀድሞው ሙሉ ደመወዝ እንዲሰላ ይግለጽ። ለጡረታ የቀረቡትን ከደመወዝ ቅነሳው ነጻ ያድርግ። በዚያ ጊዜ ውስጥ አዲስ ሰው መቅጠርንና የትርፍ ሰዓት ሥራን ይከልክል። አሠሪውም የሽያጩን መዝገብ ለሠራተኛ ተወካዮች ያሳይ፣ የስምምነቱንም ቅጂ ለአካባቢው የሥራና ሥልጠና ጽሕፈት ቤት ያስገባ። መዝገቡን ለማሳየት የማይፈቅድ አሠሪ ሠራተኛው ከደመወዙ እንዲከፍል የመጠየቅ መብት የለውም።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከአሠሪዎች በኩል ይመጣል። ደካማው ከብርቱው ጋር ይቆይብኛል፣ ብርቱውም ክፍያው ሲቀንስ ጥሎኝ ይሄዳል ይላሉ። ሥራውን የማይሠራን ሰው በሥነ ሥርዓት ማረም ወይም ማሰናበት ሕጉ ሁልጊዜ ይፈቅዳል፤ ያን ለማድረግ የገበያ መቀዛቀዝን መጠበቅ አያስፈልግም። ብርቱው ሠራተኛ ስለመሄዱ ደግሞ፣ ባልደረቦቹ ሲባረሩ ያየ ሰው ቀጣዩ ተራ የእሱ መሆኑን አስቦ ሌላ ቦታ ማፈላለግ ይጀምራል። ጊዜውና ገደቡ ተነግሮት ደመወዙ የቀነሰበት ሰው ግን መቼ እንደሚመለስለት ያውቃል። በእርግጥ ሁሉም ሥራ አይካፈልም። አንድ ኦፕሬተር ብቻ ባለበት ማሽን ላይ ሥራውን ከማን ጋር ይካፈላል? ማሽኑ በሚቆምበት ቀን እሱም ያርፋል እንጂ። የሚካፈሉት ተመሳሳይ ሥራ የሚሠሩ ብዙ ሰዎች ያሉባቸው ክፍሎች ናቸው፤ መሸከም፣ መልቀም፣ ማበጠር፣ ማሸግ፣ መስተንግዶ። ለሠራተኛ ምሳና ትራንስፖርት የሚያወጣ ድርጅትም ይህ ወጪ በሰው ቁጥር ስለሚሄድ የሚያድነው ከላይ ከተሰላው ትንሽ ያንሳል። ይህን ሁሉ አስልቶ የሚያዋጣውን ክፍል መምረጥ የአሠሪው ሥራ ነው።

አራተኛው፣ ሥራ መካፈል መሞት ያለበትን ድርጅት ያኖራል የሚል ነው። ይህ ኢኮኖሚስቶች በጀርመንና በጣሊያን ልምድ ላይ ተመሥርተው የሚያነሡት ቁም ነገር ነው፤ የሚያድግ ድርጅት ሊቀጥረው የሚችል ሰው በሚወድቅ ድርጅት ውስጥ ታስሮ ይቀራል። በአገራችንም ገበያው ለዘለቄታው የጠፋበት ሁኔታ አለ። ኢትዮጵያ ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ጀምሮ ከአሜሪካ የአጎዋ የንግድ ዕድል ስትወጣ ከቀረጥ ነጻ በሚገባ ልብስ ላይ የቆሙ ፋብሪካዎች የገጠማቸው የአንድ ወቅት መቀዛቀዝ አልነበረም። ፒቪኤች የተባለው የአሜሪካ ኩባንያም በኅዳር 2014 የሐዋሳ ፋብሪካውን እንደሚዘጋ ሲያስታውቅ ሥራን መካፈል መልስ ሊሆን አይችልም ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ ሕጉ በሚያዘው መሠረት ክፍያውን ፈጽሞ መለያየት፣ ሠራተኛውንም ወደ ሌላ ሥራ መርዳት ይሻላል። ስለዚህም ነው የጊዜ ገደቡ የስምምነቱ ዋና ምሰሶ የሚሆነው። 90 ቀን አልፎ ሥራው ካልተመለሰ አሠሪው እውነቱን ይናገር፣ ሕጋዊውን ቅነሳ ይጀምር። የመፈልፈያው፣ የሆቴሉና የመጋዘኑ የክረምት መሳሳት ግን የዚህ ዓይነት ሞት አይደለም።

የመጨረሻው ተቃውሞ የገንዘብ ነው፤ ጀርመን የምትከፍለው የሥራ አጥነት መድን ስላላት ነው፣ እኛ ከየት እናመጣለን ይባላል። እውነት ነው፣ በአገራችን የግል ድርጅት ሠራተኛ 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ የሚያዋጡት ለጡረታ ነው፤ ይህን ገንዘብ ለሌላ ጉዳይ መንካት አይገባም። ደቡብ አፍሪካ የሥራ አጥነት መድኗን የምታቆመው ከሠራተኛው አንድ በመቶ፣ ከአሠሪው አንድ በመቶ በማሰባሰብ ነው፤ ይህ ለእኛም በጊዜው ሊታሰብ የሚገባ መጠን ነው። እስከዚያ ግን ያለ ገንዘብም የሚሠራ ብዙ ነገር አለ። የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር የሥራ መካፈል መመሪያና የስምምነት አብነት በአማርኛና በሌሎች የአገራችን ቋንቋዎች አዘጋጅቶ ማሰራጨት ይችላል። ስምምነቱን ፈርሞ ማንንም ያላሰናበተ ድርጅት የግብር ክፍያው ያለ ቅጣት እንዲራዘምለት፣ የባንክ ብድሩም ጊዜ እንዲሰጠው ማድረግ ይቻላል። ኢሠማኮና የአሠሪዎች ድርጅቶች በ2012 እንዳደረጉት አብረው ቢቆሙ፣ የክልሉ የሥራና ሥልጠና ቢሮም ባለሙያዎቹን ወደ ወረዳዎች ቢልክ፣ ይህ ሐሳብ ወደ ብዙ አሠሪዎች ጆሮ ይደርሳል። ዛሬ አብዛኛው አሠሪ ሥራን መካፈልን የማይመርጠው መጥፎ ስለሆነበት ሳይሆን እንዳለ ስለማያውቅ ነው።

ወረታ ለዚህ ሙከራ ከብዙ ከተሞች የተሻለ ዕድል አላት። የፎገራ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል እዚያው ነው፤ የወረታ ግብርና ኮሌጅም እንዲሁ። መፈልፈያዎቹ ሥራ ሲሳሳባቸው በሳምንት የምትተርፈው አንዲት ቀን ባዶ መሆን የለባትም፤ ሠራተኞቹ ሩዝ ሳይሰባበር የሚፈለፈልበትን፣ እርጥበቱ የሚለካበትን፣ በደረጃ የሚለይበትንና ማሽን የሚጠገንበትን መንገድ የሚማሩባት ቀን ልትሆን ትችላለች። ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ2009 ያደረገችው ይህንኑ ነበር። ኅዳር ላይ ሥራው ሲመለስ አሠሪው ከሰኔው የተሻለ ሠራተኛ ይኖረዋል፤ ሩዙም ከውጭ ከሚገባው ጋር ለመወዳደር አንድ እርምጃ ይራመዳል። ለዚህ የሚያስፈልገው ጥቂት መፈልፈያዎች፣ ማዕከሉና የከተማው የሥራና ሥልጠና ጽሕፈት ቤት ተቀምጠው የሚያወጡት የአንድ ክረምት ዕቅድ ነው።

የወረታ ባለድርጅቶች ሆይ፣ በመጪው ክረምት ሥራ ሲሳሳባችሁ የስንብት ደብዳቤ ከመጻፋችሁ በፊት ሦስት ነገር አድርጉ። የስንብቱን ሙሉ ወጪ ከማስጠንቀቂያው ጋር አስሉ፤ ችግሩ ስንት ወር እንደሚቆይ በሐቅ ገምቱ፤ ከዚያም መዝገባችሁን ይዛችሁ ከሠራተኞቻችሁ ጋር ተቀመጡ። የሥራና ሥልጠና ቢሮ ኃላፊዎች፣ አሠሪው ወደ እናንተ ሲመጣ የምትሰጡት የተዘጋጀ ስምምነት ይኑራችሁ። ሠራተኞችም ማኅበራቸውን አጠናክረው በዚህ ድርድር ውስጥ ተወካይ ይኑራቸው። ማሰናበት በሕግ የተፈቀደ እርምጃ ነው፤ ነገር ግን ሌላው ሁሉ ተሞክሮ አልሆን ሲል የሚወሰድ የመጨረሻ እርምጃ እንጂ የመጀመሪያ መሆን የለበትም።